የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች የምርምር፣ የኅትመትና የዕውቀት ማጋራት ሥራ፦ በሮቤ፣ በጎባና በባሌ ደጋማ አካባቢዎች ለሚገኙ ተገልጋዮች የቀረበ ማብራሪያ

መግቢያ

የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት መጻሕፍት የሚቀመጡበትና የሚዋሱበት ስፍራ ብቻ አይደለም። ለምርምር የሚያስፈልግ መረጃ የሚፈለግበት፣ የምርምር ውጤት ተመዝግቦ የሚጠበቅበትና ለሕዝብ ተደራሽ የሚደረግበት የሥራ ክፍልም ነው። በመሆኑም የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ሌሎች እንዲመራመሩ ከማገዝ ባሻገር ራሳቸውም በሙያቸው ዙሪያ ምርምር ያካሂዳሉ፣ ያሳትማሉ፣ ውጤቱንም ያጋራሉ።

ይህ ጽሑፍ ባለሙያዎቹ እነዚህን ክህሎቶች በምን መንገድ እንደሚያዳብሩ፣ ሥራቸው በየትኞቹ ሕጎችና ፖሊሲዎች እንደሚመራ፣ እንዲሁም ተማሪዎች፣ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎችና ሌሎች ዜጎች ከውጤቱ እንዴት ተጠቃሚ እንደሚሆኑ ያብራራል። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው በ1999 ዓ.ም. ከተቋቋመው የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ የተወሰዱ ናቸው። የዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ በሮቤ ከተማ የሚገኝ ሲሆን፣ የጤና ትምህርትና የሪፈራል ሆስፒታል አገልግሎት የሚሰጠው በአቅራቢያው በምትገኘው በጎባ ከተማ ነው።

1. ጉዳዩ ተገልጋዮችን የሚመለከተው ለምንድን ነው?

የባሌ ደጋማ አካባቢ በሀገራችን ብዙ ጥናት ከተካሄደባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ስለ ቀይ ቀበሮ፣ ስለ ደጋ አጋዘን፣ ስለ ሐረና ደንና ስለ ሳነቲ አምባ የሀገር ውስጥና የውጭ ሀገር ተመራማሪዎች ለበርካታ ዓመታት ጽፈዋል። ለአብነት ያህል፣ እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 2019 “ሳይንስ” በተሰኘው ጆርናል የወጣ ጥናት፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ሰዎች በባሌ ተራሮች ፊንጫ ሀበራ በተባለ የዋሻ መጠለያ ይኖሩ እንደነበር አመልክቷል። ስፍራው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ነዋሪዎቹ ግዙፉን የባሌ ፍልፈል ይመገቡ እንደነበር በጥናቱ ተገልጿል።

ይሁንና አንድ ጥናት በባሌ ምድር ላይ መካሄዱ ብቻውን ውጤቱ ለባሌ ነዋሪ ደርሷል ማለት አይደለም። በመካከል ቢያንስ ሦስት ክፍተቶች ያጋጥማሉ።

• ጥናቱ መኖሩ አለመታወቁ። ጽሑፉ በውጭ ሀገር ጆርናል ስለሚወጣ በሮቤ የሚገኝ የታሪክ መምህር ወይም በዲንሾ የሚሠራ አስጎብኚ ላይሰማው ይችላል።

• ጥናቱ ቢታወቅም አለመገኘቱ። ጽሑፉን ለማንበብ ክፍያ የሚጠየቅ ከሆነ ብዙ አንባቢ ከርዕሱ አያልፍም።

• ጥናቱ ቢገኝም በቋንቋ ምክንያት አለመነበቡ። በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ ሳይንሳዊ ጽሑፍ በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ካልተጠቃለለ በአካባቢው ጥቅም ላይ የመዋል ዕድሉ ጠባብ ነው።

በተቃራኒው አቅጣጫም ተመሳሳይ ችግር አለ። በአንድ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀ የመመረቂያ ጽሑፍ በመደርደሪያ ላይ ብቻ ከቀረ፣ በሌላ ዩኒቨርሲቲ ያለ ተማሪ ያንኑ ጥያቄ እንደ አዲስ ሊያነሣው፣ ለዚያም የሕዝብ ገንዘብና የወጣት ጉልበት ዳግም ሊወጣ ይችላል። እነዚህን ክፍተቶች ማጥበብ የሚችለው ምርምር እንዴት እንደሚሠራ፣ እንዴት እንደሚታተምና እንዴት እንደሚገኝ በተግባር የሚያውቅ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነው። ይህን ዕውቀት በሚገባ የሚያገኘውም ራሱ ሠርቶ ሲያልፍበት ነው።

2. የኢትዮጵያ ልምድ

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ተመራማሪ መሆን ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። በቀድሞው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበሩት ትውልደ ፖላንዱ ስታኒስላቭ ኾይናትስኪ፣ የኮሌጁን ሙዚየም ስብስብ በማደራጀት ሂደት የኢትዮጵያን የሥነ ሥዕል ቅርስ ማጥናት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲመሠረት ከፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ጋር በመሆን የተቋሙን ጆርናል በአዘጋጅነት መርተዋል። በኢትዮጵያ ሥዕል ዐበይት ጭብጦች ላይ ያዘጋጁት መጽሐፍም እ.ኤ.አ. በ1983 ታትሟል።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲን ቤተ መጻሕፍት የመሩት ሪታ ፓንክረስትም እ.ኤ.አ. በ1973 በለንደን ዩኒቨርሲቲ የምሥራቃውያንና የአፍሪካ ጥናት ትምህርት ቤት ጆርናል ላይ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ስላሰባሰቡት ቤተ መጻሕፍት ጥናት አሳትመዋል።

ሁለቱም የተነሡት በሙያቸው ከዕለት ወደ ዕለት ከሚሠሩበት ነገር ነው፤ አንዱ ከሚያሰባስቧቸው ሥዕሎች፣ ሌላዋ ከመጻሕፍት ስብስብ ታሪክ። ዛሬም የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ምርምር የተሻለ መነሻ የሚያገኘው በእጁ ካለው ስብስብና በየዕለቱ ከሚያስተናግደው ተገልጋይ ነው።

በመደበኛ ትምህርት ረገድ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው የአፍሪካ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት በዘርፉ የሁለተኛ ዲግሪ ሥልጠና በመስጠት ለሀገራችንና ለሌሎች የአፍሪካ ሀገሮች ባለሙያዎችን አፍርቷል። በአሁኑ ጊዜ ጅማ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ ሌሎች ተቋማትም በኢንፎርሜሽን ሳይንስ ያስተምራሉ። የኢትዮጵያ የአካዳሚክና የምርምር ቤተ መጻሕፍት ኮንሰርቲየም ደግሞ ባለሙያዎችን በጋራ የሚያገናኝ መድረክ ነው።

3. ምርምር ማካሄድ፦ ባለሙያው ደረጃ በደረጃ የሚማረው

3.1 ጥያቄ መምረጥ

ጥሩ የምርምር ጥያቄ ጠባብ፣ ሊመለስ የሚችልና መልሱ የአገልግሎት ውሳኔ የሚያስለውጥ ነው። “የተማሪዎች የመረጃ አጠቃቀም” የሚለው ርዕስ ሰፊ ስለሆነ ለጀማሪ አይመከርም። ለማስረዳት ያህል፣ በጎባ የሚሠራ ባለሙያ “የሕክምና ተማሪዎች የፍለጋ ሥልጠና ከወሰዱ በኋላ ለአንድ የሕክምና ጥያቄ ተገቢ ጽሑፍ የሚያገኙበት ጊዜ ያጥራል ወይ?” ብሎ ቢነሣ፣ ምን እንደሚለካና ከማን መረጃ እንደሚሰበሰብ ወዲያው ግልጽ ይሆንለታል። መልሱ “አዎ” ከሆነ ሥልጠናው ይስፋፋል፤ “አይደለም” ከሆነ የሥልጠናው አሰጣጥ ይሻሻላል።

ጥያቄ ለማግኘት ቀላሉ መንገድ ተገልጋዮች ጠይቀው ያላገኟቸውን መጻሕፍትና ጽሑፎች በመዝገብ መያዝ ነው። ለአንድ ሴሚስተር በጥንቃቄ የተያዘ እንዲህ ያለ መዝገብ ለመጻሕፍት ግዥም ለምርምርም መነሻ ይሆናል።

3.2 የቀደሙ ጥናቶችን መፈተሽ

ባለሙያው ጥያቄው ከዚህ በፊት መመለስ አለመመለሱን ያጣራል። ለዚህ በታዳጊ ሀገሮች ለሚገኙ ተቋማት በነፃ ወይም በዝቅተኛ ክፍያ የሚቀርቡት የሪሰርች ፎር ላይፍ መርሐ ግብሮች ዋነኛ ምንጮች ናቸው። እነርሱም ለጤና ሂናሪ፣ ለግብርና አጎራ፣ ለአካባቢ ጥበቃ ኦኤሪ፣ ለቴክኖሎጂ አርዲ እና ለሕግ ጎዓሊ ናቸው። ኢትዮጵያ በነፃ ከሚጠቀሙ ሀገሮች ምድብ ውስጥ ናት። ምዝገባው የሚከናወነው በተቋም ደረጃ እንጂ በግለሰብ አይደለም። የአፍሪካ ጆርናሎችን በአንድ ስፍራ ለማግኘት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረው አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን ያገለግላል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የመመረቂያ ጽሑፎች ዲጂታል ማከማቻም በሀገር ውስጥ የተሠራውን ለማወቅ ይረዳል።

3.3 የጥናት ዘዴ መምረጥ

የጽሑፍ መጠይቅ፣ ቃለ መጠይቅ፣ የቡድን ተኮር ውይይት፣ ምልከታና የአጠቃቀም መዛግብት ትንተና በዘርፉ የተለመዱ ዘዴዎች ናቸው። እያንዳንዱ የየራሱ ደካማ ጎን ስላለው ባለሙያው ቁጥሩ ምን እንደሚናገርና ምን እንደማይናገር መለየት ይኖርበታል።

ለምሳሌ በአንድ ወር ውስጥ የኤሌክትሮኒክ ጆርናሎች አጠቃቀም ቢቀንስ ተማሪው ፍላጎት አጣ ወደሚል ድምዳሜ መቸኮል አይገባም። በዚያ ወር የመብራት ወይም የኢንተርኔት መቋረጥ ካጋጠመ ቁጥሩ የሚያሳየው የፍላጎትን ሳይሆን የመሠረተ ልማትን ሁኔታ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የአጠቃቀም ቁጥርን የሚያጠና ባለሙያ አገልግሎት የተቋረጠባቸውን ቀናትና ሰዓታት ጎን ለጎን መመዝገብ አለበት። በተመሳሳይ መልኩ፣ ከላይ በጎባው ምሳሌ የተጠቀሰው ሥልጠና ያመጣውን ለውጥ ለመለካት ሥልጠናውን የወሰዱትን ብቻ ሳይሆን ገና ያልወሰዱ ተመሳሳይ ተማሪዎችንም ማነጻጸር ያስፈልጋል። ያለዚያ ለውጡ ከሥልጠናው ይሁን ከጊዜው ርዝመት መለየት አይቻልም።

3.4 የሥነ ምግባር ፈቃድና የተገልጋዮች መረጃ ጥበቃ

ሰዎችን የሚያሳትፍ ጥናት መረጃ መሰብሰብ ከመጀመሩ በፊት በዩኒቨርሲቲው የምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ አካል መታየት አለበት። ተሳታፊዎች በሚረዱት ቋንቋ ገለጻ ተደርጎላቸው በፈቃዳቸው መሳተፋቸው መረጋገጥ ይኖርበታል። አለመሳተፍ መጽሐፍ የመዋስም ሆነ ሌላ አገልግሎት የማግኘት መብትን አይነካም።

የውሰት መዝገብ አንድ ሰው ምን እንዳነበበ ስለሚያሳይ የግል መረጃ ነው። በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት የግል መረጃ በሕጋዊ ምክንያት፣ ለተገለጸ ዓላማና በጥንቃቄ መያዝ አለበት። በጥናት ላይ የአንባቢው ስምና መለያ ቁጥር መውጣት ብቻ በቂ ላይሆን ይችላል። ጥቂት ተማሪዎች ባሉበት ክፍል ጾታ፣ ዓመተ ትምህርትና የትውልድ አካባቢ በአንድ ላይ ከተገለጹ ግለሰቡ ሊታወቅ ይችላል። በዚህ ምክንያት ትናንሽ ቡድኖችን በጥቅሉ ማቅረብ ይመከራል።

3.5 በጋራ መሥራት

በመደበኛ ትምህርቱ ምርምር በስፋት ያልተማረ ባለሙያ በመጀመሪያ ሥራው ከመምህራን ጋር ቢጣመር ይጠቀማል። መምህሩ የትምህርት ዘርፉንና የትንተና ስልቱን፣ ባለሙያው ደግሞ የፍለጋ ዕውቀቱንና የተገልጋዩን ሁኔታ ያበረክታል። በሳምንት ወይም በወር አንድ ጊዜ አንድ ጽሑፍ መርጦ በጋራ ማንበብና መተቸትም ብዙ ወጪ የማይጠይቅ የመማሪያ መንገድ ነው።

4. ማሳተም

4.1 የጽሑፉ አወቃቀር

አብዛኞቹ ጆርናሎች አጽርኦተ ጥናት፣ መግቢያ፣ የጥናት ዘዴ፣ ውጤት፣ ውይይትና መደምደሚያ ያለው ጽሑፍ ይቀበላሉ። ለሥልጠና ወይም ለስብሰባ የተዘጋጀ ሪፖርት እንዳለ ለጆርናል አይላክም። ሪፖርት የተሠራውን ሥራ ይዘረዝራል፤ የምርምር ጽሑፍ ግን አንድ ጥያቄ አንሥቶ በማስረጃ ይመልሳል።

4.2 የደራሲነት መብት

በደራሲነት የሚመዘገበው በጥናቱ ሐሳብ፣ በመረጃው ትንተና ወይም በጽሑፉ ዝግጅት እውነተኛ አስተዋፅኦ ያደረገና ለይዘቱ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ነው። በሥራ ኃላፊነት ደረጃ ብቻ ስም ማስገባት ተገቢ አይደለም። መጠይቅ በመበተን ወይም መረጃ ወደ ኮምፒውተር በማስገባት ብቻ ያገዙ ሰዎች በምስጋና ክፍል ይጠቀሳሉ። የስም ቅደም ተከተሉ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ቢወሰን አለመግባባትን ያስቀራል።

4.3 የአቻ ግምገማ

ጽሑፉ ለጆርናሉ ሲላክ አዘጋጁ ለሙያው ቅርብ ለሆኑ ገምጋሚዎች ያቀርበዋል። ውጤቱ መቀበል፣ ማሻሻያ መጠየቅ ወይም አለመቀበል ሊሆን ይችላል። ማሻሻያ መጠየቅ የተለመደ እንጂ የውድቀት ምልክት አይደለም። ደራሲው ለእያንዳንዱ አስተያየት ምን እንዳስተካከለ ወይም ለምን እንዳልተቀበለው በተራ ቁጥር በትሕትና ይመልሳል። አንድን ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ለሁለት ጆርናሎች መላክ የተከለከለ ነው።

4.4 ከአጭበርባሪ ጆርናሎች መጠበቅ

ገንዘብ ተቀብለው ያለ ግምገማ የሚያትሙ ጆርናሎች በተለይ ጀማሪ ተመራማሪዎችን ይጎዳሉ። ደራሲው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ጽሑፉንም ያጣል፤ አንድ ጊዜ የወጣን ጽሑፍ በሌላ ታማኝ ጆርናል ዳግም ማሳተም አስቸጋሪ ነውና። ከመላክ በፊት የሚከተሉትን ማጣራት ያስፈልጋል፦

1ኛ. የጆርናሉ ባለ ስምንት አኃዝ ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር ትክክለኛ መሆኑን፤

2ኛ. በአዘጋጅ ቦርዱ የተዘረዘሩት ሰዎች በእርግጥ መኖራቸውንና በቦርዱ አባልነታቸው መስማማታቸውን፤

3ኛ. የክፍያው መጠን ጽሑፉ ከመላኩ በፊት በግልጽ መነገሩን፤

4ኛ. ግምገማው በጥቂት ቀናት እንደሚጠናቀቅ ቃል አለመግባቱን፤

5ኛ. ከዚህ በፊት የወጡ ጽሑፎች ተከፍተው የሚነበቡና ጥራት ያላቸው መሆናቸውን፤

6ኛ. ጆርናሉ እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው የክፍት ተደራሽ ጆርናሎች ማውጫ ወይም በሌላ ታማኝ ማውጫ መመዝገቡን።

በማውጫ ውስጥ አለመገኘት ብቻውን አጭበርባሪነትን አያረጋግጥም፤ አዳዲስ የሀገር ውስጥ ጆርናሎች ገና ላይመዘገቡ ይችላሉ። ነገር ግን ከላይ ከተዘረዘሩት ሁለትና ከዚያ በላይ ነጥቦች ካልተሟሉ ጽሑፉን ሳይልኩ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ማማከር ይገባል። ይህን ማጣራት ለመምህራንና ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ማስተማር የባለሙያው አንዱ አገልግሎት ነው።

5. ማጋራት

5.1 ብሔራዊው የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ

እ.ኤ.አ. በመስከረም ወር 2019 የቀድሞው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ለከፍተኛ ትምህርት ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ አጽድቋል። በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 በተደረገው የአስፈጻሚ አካላት አደረጃጀት የከፍተኛ ትምህርት ዘርፉ ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ተዛውሯል። የፖሊሲው ዋና ዋና ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው፦

• በሕዝብ ገንዘብ የተደገፈ ምርምር ኅትመት በኢትዮጵያ ብሔራዊ የአካዳሚክ ዲጂታል ማከማቻ (ናድሬ) እና ዩኒቨርሲቲው የራሱ ማከማቻ ካለው በዚያው እንዲቀመጥ፤

• በሕዝብ ገንዘብ የሚደገፉ ተመራማሪዎች የመረጃ አያያዝ ዕቅዳቸውን ለምርምር ጽሕፈት ቤትና ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት እንዲያቀርቡ፤

• የምርምር መረጃ በቀላሉ እንዲገኝ፣ ተደራሽ እንዲሆን፣ ከሌሎች ሥርዓቶች ጋር እንዲናበብና ዳግም ጥቅም ላይ እንዲውል ሆኖ እንዲያዝ፤

• የምርምር ንድፎች ሲገመገሙ ክፍትነት ከመመዘኛዎቹ አንዱ እንዲሆን።

ፖሊሲው ቤተ መጻሕፍትን የኅትመቶች ማስቀመጫ ብቻ ሳይሆን የምርምር ሂደቱ አካል አድርጓቸዋል። የመረጃ አያያዝ ዕቅድን የሚመለከት ባለሙያ ስለ ምርምር በቂ ዕውቀት ከሌለው ይህን ኃላፊነት መወጣት አይችልም።

5.2 የቅጂ መብት

በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመታት ይጠበቃል። ደራሲው ከአሳታሚ ጋር የሚፈርመው ውል ይህን መብት ሊያስተላልፍ ስለሚችል ከመፈረሙ በፊት ማንበብ አለበት። ብዙ አሳታሚዎች የታተመውን የመጨረሻ ቅጂ ባይፈቅዱም፣ በገምጋሚዎች ተቀባይነት ያገኘውን የደራሲውን ረቂቅ በዲጂታል ማከማቻ ማስቀመጥ ይፈቅዳሉ። ስለሆነም ደራሲዎች ይህን ረቂቅ ከየግል ኮምፒውተራቸው ሳይሰርዙ ለቤተ መጻሕፍቱ እንዲያስረክቡ ይመከራል።

5.3 ስም፣ ቦታና ዓመተ ምሕረት በትክክል መመዝገብ

በማከማቻ የተቀመጠ ጽሑፍ የሚገኘው በትክክል ሲመዘገብ ብቻ ነው። በዚህ ረገድ ለኢትዮጵያ የተለዩ ሦስት ጉዳዮች አሉ።

የመጀመሪያው የሰው ስም ነው። የኢትዮጵያውያን ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለውም። የውጭ ሀገር ማውጫዎች ግን የመጨረሻውን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚይዙ አንድ ደራሲ በአንድ ስፍራ በአባቱ፣ በሌላ ስፍራ በአያቱ ስም ይመዘገብና ሥራዎቹ ይበታተናሉ። ለዚህ መፍትሔ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረውና በነፃ የሚሰጠው ባለ 16 አኃዝ የተመራማሪዎች መለያ፣ ኦርኪድ ነው።

ሁለተኛው የቦታ ስም ነው። አንዱ “መደ ወላቡ”፣ ሌላው “መዳ ወላቡ”፣ ሌላው “መደወላቡ” ብሎ ይጽፋል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ልዩነቱ ይበዛል። ባለሙያው አንዱን መደበኛ አድርጎ ሌሎቹን ወደ እርሱ በሚመሩ መጠቆሚያዎች ካላያያዘ ፈላጊው ያለውን ጽሑፍ እንደሌለ ይቆጥራል።

ሦስተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። በኢትዮጵያና በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር መካከል የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ስላለ፣ በሰኔ 2011 ዓ.ም. የቀረበ የመመረቂያ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. 2019 ተብሎ መመዝገብ ይኖርበታል። አቆጣጠሩ ካልተገለጸ ጽሑፉ ከስምንት ዓመት በፊት የተሠራ ሊመስል ይችላል።

5.4 ለአካባቢው ኅብረተሰብ መመለስ

ማጋራት በኮምፒውተር ላይ በማስቀመጥ አያበቃም። በባሌ ሜዳማ አካባቢዎች ስንዴ የሚያመርት አርሶ አደር፣ በፓርኩ ዙሪያ የሚኖር አርብቶ አደር፣ በጎባ ሆስፒታል የምትሠራ አዋላጅ ነርስ የሚፈልጉት ጥናቱ ምን እንዳገኘና ምን ማድረግ እንደሚቻል ነው። በመሆኑም ለእያንዳንዱ አካባቢያዊ ጥናት በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ አንድ ገጽ የማይበልጥ ማጠቃለያ ማዘጋጀት፣ በትምህርት ቤቶች፣ በጤና ጣቢያዎችና በአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከላት ማሰራጨት ተገቢ ነው። ማጠቃለያው የጥናቱን ውስንነትም መግለጽ አለበት፤ ያለዚያ በአንድ ቀበሌ የተገኘ ውጤት ለሁሉም የሚሠራ ተደርጎ ሊወሰድ ይችላል።

6. ተገልጋዮች አገልግሎቱን የሚያገኙበት መንገድ

• ተማሪዎች፦ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ከመጽደቁ በፊት የቀደሙ ጥናቶችን ለማፈላለግ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ እገዛ መጠየቅ ይችላሉ። ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፎ መቅረብ ፍለጋውን ያፋጥናል።

• መምህራንና ተመራማሪዎች፦ የጆርናል ማጣራት፣ የመረጃ አያያዝ ዕቅድ ዝግጅትና በዲጂታል ማከማቻ የማስቀመጥ ድጋፍ ይጠይቃሉ። ለማስቀመጥ ተቀባይነት ያገኘውን ረቂቅ፣ ከአሳታሚው ጋር የተፈረመውን ውልና የኦርኪድ መለያቸውን ይዘው ይቀርባሉ።

• የጤናና የግብርና ባለሙያዎች፦ የሚሠሩበት ተቋም በሂናሪ ወይም በአጎራ መመዝገብ አለመመዝገቡን ከተቋማቸው ያረጋግጣሉ። ካልተመዘገበ ምዝገባውን ተቋሙ በነፃ መጠየቅ ይችላል።

• ሌሎች ዜጎች፦ በክፍት ማከማቻዎች የሚገኙ ጽሑፎችን ያለ ክፍያ ማንበብ ይችላሉ። በአካል ገብተው ለማንበብ የሚሹ ደግሞ መታወቂያ ይዘው በየዩኒቨርሲቲው የመግቢያና የአጠቃቀም ደንብ መሠረት ይስተናገዳሉ።

7. በተደጋጋሚ የሚነሡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ለማሳተም የግድ መክፈል ያስፈልጋል?
መልስ፦ አያስፈልግም። ከደራሲ ክፍያ የማይጠይቁ ብዙ ጆርናሎች አሉ። ክፍያ የሚጠይቁ ታማኝ ጆርናሎችም ብዙውን ጊዜ አነስተኛ ገቢ ካላቸው ሀገሮች ለሚመጡ ደራሲዎች ቅናሽ ወይም ነፃ ዕድል ይሰጣሉ። ጥያቄው ጽሑፉ ሲላክ ቢቀርብ ይመረጣል።

ጥያቄ፦ ጽሑፍን ለሁሉም ክፍት ማድረግ ለስርቆት አያጋልጥም?
መልስ፦ በስምና በቀን ተመዝግቦ በይፋ የተቀመጠ ጽሑፍ ባለቤትነቱ የታወቀ ስለሆነ ስርቆትን ማረጋገጥ ይቀላል። በመደርደሪያ ብቻ ያለ ጽሑፍ ቢገለበጥ የሚያውቅ ላይኖር ይችላል።

ጥያቄ፦ ሁሉም የምርምር መረጃ ክፍት ይደረጋል?
መልስ፦ አይደረግም። የታካሚዎችን ማንነት፣ የጥናት ተሳታፊዎችን ምሥጢር ወይም አደጋ ያንዣበበባቸው የዱር እንስሳት የሚገኙበትን ትክክለኛ ስፍራ የሚገልጽ መረጃ ይጠበቃል። መረጃው መኖሩና በምን ሁኔታ ሊጠየቅ እንደሚችል ብቻ ይገለጻል።

ጥያቄ፦ አንድ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ከመጀመሪያ ዲግሪ በላይ ሳይኖረው ማሳተም ይችላል?
መልስ፦ ይችላል። ጆርናሎች የሚመዝኑት የጽሑፉን ጥራት ነው። ለመነሻ ያህል በአገልግሎት ላይ የተመሠረተ አጭር የተሞክሮ ጥናት ወይም በመረጃ የተደገፈ መዘርዝረ ጽሑፍ ማዘጋጀት ይቻላል።

ጥያቄ፦ አገልግሎቱን የተከለከለ ተገልጋይ ወዴት ያመለክታል?
መልስ፦ በመጀመሪያ ለቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ በቃል ወይም በጽሑፍ ያቀርባል። ምላሽ ካላገኘ ወይም በምላሹ ካልተስማማ በዩኒቨርሲቲው የቅሬታ አቀራረብ ሥርዓት መሠረት ለሚመለከተው ክፍል ያመለክታል። የጠየቀውን አገልግሎትና የጠየቀበትን ቀን መዝግቦ መያዝ ጉዳዩ በፍጥነት እንዲታይ ይረዳል።

8. ማጠቃለያ

በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ምርምር የሕዝብ ሀብት ነው። ሀብቱ ለባለቤቱ የሚደርሰው ግን በትክክል ተጠንቶ፣ በታማኝ መንገድ ታትሞ፣ በሚገኝበት ሁኔታ ተመዝግቦና በሚነበብ ቋንቋ ተጠቃልሎ ሲቀርብ ነው። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ድርሻ አለው። የዩኒቨርሲቲ አመራሮች ለባለሙያዎቹ የምርምር ጊዜና ሥልጠና እንዲመድቡ፣ ተመራማሪዎች ጽሑፎቻቸውን በወቅቱ እንዲያስረክቡ፣ ተገልጋዮችም ያላገኙትን መረጃ በመጠየቅ እንዲያስመዘግቡ ይበረታታል። ጠይቀው ያላገኙት እያንዳንዱ ጽሑፍ ሲመዘገብ ለሚቀጥለው ጥናት መነሻ ይሆናልና።